ጠበቃ የሚጠራው ከፊርማ በፊት ነው

በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ሳያስተውለው የማይቀር አንድ ነገር አለ። ነጋዴው ዕቃ ሲገዛ የውሉን ቃል አንድ በአንድ አስመርምሮ ይፈርማል፤ ማታ ከቤቱ ሲገባ ግን የአማቱ ልጅ ያቀረበለትን የዋስትና ወረቀት ሳያነብ ይፈርምለታል። «ዘመድን እንዴት ላሳፍር?» ማለቱ ነው።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወዳጄ ብድር ዋስ ሆኜ ነበር። በወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የሚል ሐረግ ነበረበት። ይህን ሐረግ በሥራዬ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ትርጓሜው የገባኝ ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1933 መሠረት፣ እንዲህ ብሎ የፈረመን ዋስ ባለገንዘቡ ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ተራ ዋስ ብሆን ኖሮ «አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ይታይ» ብዬ በተከራከርሁ ነበር። ጠበቃው ወረቀቱን አንብቦ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ከመፈረምዎ በፊት ቢመጡ ኖሮ አንዲት ሐረግ ማሰረዝ ይበቃ ነበር» አለኝ። ዕዳውን ከደመወዜ እየቀነስሁ ሁለት ዓመት ከፈልሁ።

ሕጉ ዋሱን የሚረዳበትም ስፍራ አለ። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህን ባለማወቅ የማይገባውን ዕዳ የከፈለ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ለጥቃቅኑ ሁሉ ጠበቃ ይጠራ አልልም፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ለምሳሌ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በተበዳሪው እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በሰው ምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ለጎረቤት የሚሰጥ ብድር ሁሉ ከዚያ ይበልጣል። ሆኖም ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ፊርማና ሁለት ምስክር እንጂ የሕግ ሊቅ አይደለም።

ቤት መሸጥና መግዛት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኑዛዜም እንዲሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በኑዛዜው ውስጥ መገለጽ አለበት። ያች አንዲት ዐረፍተ ነገር በመጉደሏ የአባት ቃል ሊፈርስ፣ ወንድማማቾችም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሊንከራተቱ ይችላሉ። መጥሪያ የደረሰውም ሰው አንድ ቀን ማሳደር አይገባውም፤ ተከሳሹ በቀጠሮው ካልቀረበ ነገሩ በሌለበት ይታያልና።

ብዙዎች ጠበቃ ውድ ነው እያሉ ይሸሻሉ። ሙግት መያዝ ውድ መሆኑን አልክድም፤ አንድ ወረቀት አስነብቦ ምክር መቀበል ግን ከሙግት ወጪ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅና በጽሑፍ መዋዋልም ነውር የለበትም።

ስለዚህ ለምክር ቤታችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ያለው ጠበቃ በምክር ቤቱ ተገኝቶ፣ አባላትና ሠራተኞቻቸው ሊፈርሙ ያሰቡትን ወረቀት በመጠነኛ ክፍያ ቢያነብላቸው። ሠራተኞችን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለአዲስ ተቀጣሪ ዋስ እንዲሆኑ ዘወትር የሚለመኑት እነርሱ ናቸው።