ሰው አርባ ካወጣ በኋላ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 መስከረም ማብቂያ ላይ ሁለት ሰዎች ከኔፓሏ ፖካራ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቲቤት ድንበር አቀኑ። አንደኛው ጆርጅ ሻለር ነው፤ የጎሪላንና የአንበሳን ኑሮ በማጥናት ስሙ የተጠራ የዱር እንስሳት ተመራማሪ። ሁለተኛው አሜሪካዊው ደራሲ ፒተር ማቲሰን ነው። ሻለር የሚሄደው ብሁራል የሚባለውን የሂማላያ የዱር በግ ለማጥናት፣ እንስሳው ወደ በግ ይቀርባል ወይስ ወደ ፍየል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። ማቲሰን ደግሞ በብርቅነቱ የሚታወቀውን የበረዶ ነብር ባየሁ ብሎ ተከተለው። ምክንያቱ ግን ነብሩ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ ዴቦራ ላቭ በ1972 ጥር በካንሰር ሞታ ነበር፤ ከሞተች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ጉዞው ከወር በላይ ፈጀ። ዝናቡ፣ አልቅቱ፣ በረዶው፣ ጥለዋቸው የሚመለሱት ተሸካሚዎች፣ ሁሉም ተራ በተራ ተፈራረቀባቸው። በዶልፖ ምድር ሼይ ከሚባለው ገዳም ሲደርሱ ገዳሙ ተዘግቶ አገኙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማቲሰን በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። የነብሩን ዱካ አዩ። ኩሱን አዩ፤ መሬት የጫረበትን ቦታም አዩ። ነብሩን ግን ማቲሰን ሳያየው ተመለሰ። መጽሐፉ በአሜሪካ ትልቅ የሚባለውን ብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት አገኘ። ርዕሱ ግን ደራሲው ያላየው እንስሳ ስም ነው፤ «የበረዶ ነብር»።

ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው መንፈሳዊነቱ ነው፤ ማቲሰን የዜን ቡድሂዝም ተከታይ ነበርና። ብዙም የማይነሣው የሁለቱ ሰዎች ጓደኝነት ዓይነት ነው። ተቃቅፈው የሚላቀሱ ሰዎች አልነበሩም። ሻለር ሥራው ላይ ያተኮረ፣ ወሬ የማያበዛ፣ ቀን ሲባክን የሚበሳጭ ሰው ነው። የሚያድሩት በየድንኳናቸው ነው። ቀን ቀን አንዱ ወደ አንዱ ሸንተረር፣ ሌላው ወደ ሌላው ይወጣል። ማታ ተገናኝተው ያዩትን ይነጋገራሉ፤ ስንት በግ፣ የት ቦታ፣ የዱካው ዕድሜ ስንት ቀን። ስለ ሟቿ የሚወራው ጥቂት ነው። ሆኖም ማቲሰን ሐዘኑን ተሸክሞ ያን ሁሉ ተራራ የወጣው ከዚህ ሰው ጎን ነው። ሌላ ዓይነት ጓደኛ፣ በየማታው «አሁንስ እንዴት ነህ?» የሚል ጓደኛ፣ እዚያ ባላደረሰው ነበር።

ይህ ነገር እኛ አገር ለማን ይጠቅማል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይጠቅማል።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጎረቤት ፍራሽ አንጥፎ አብሮ ያመሻል። ሠልስት ይወጣል፤ ክርስቲያኑ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን ያወጣል። ሙስሊሙም ጎረቤት በራሱ ወግ ተሰብስቦ ያጽናናል። በዚህ ረገድ ከእኛ የሚማሩ ሕዝቦች ብዙ ናቸው። ሻለርና ማቲሰን ያደጉበት ዓለም ይህን አያውቀውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከአርባው በኋላ ነው። ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ወንበሩ ለሌላ ለቀስተኛ ይሄዳል። ወንድ ከሆነ ደግሞ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መበርታት። ጓደኛው ይደውላል። «በረታህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ጓደኛው ቃል የለውም፤ ቢኖረውም ያፍራል። የቀረው ግሮሰሪ ነው። እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ ያወራሉ፤ ሦስተኛው ቢራ ላይ አንዱ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ሌላው ሒሳብ ይጠራል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህች አገር ስንት ቤት እንደዚህ እንደተቀመጠ መቁጠር አያስፈልግም። ወንድሙን ከግንባር የቀበረ አለ። ጨርሶ አስከሬን ያላገኘም አለ፤ ለእሱ ድንኳኑም በወጉ አልተተከለለትም።

ፍለጋ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት አይገደዱም። ሁለቱም የሚያዩት ሌላ ነገር አለ፤ ሸንተረሩን፣ ዱካውን፣ የሚንቀሳቀሰውን ሣር። ዝም ማለት እንደ ኩርፊያ አይቆጠርም፤ ሥራው ራሱ ዝም ማለት ነው። ማልዶ መነሣት ግድ ነው፤ ሐዘን የያዘው ሰው ደግሞ ከአልጋ ለመውረድ ምክንያት የሚያጣ ሰው ነው። የሚፈለገው እንስሳ ብርቅ መሆኑም ይጠቅማል። በቀላሉ የሚገኝ ቢሆን ጉዳዩ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ብርቅ ሲሆን ግን ሳምንቱን ሙሉ አብረው ሊያጡት ይችላሉ። አብሮ ማጣት ሰውን ያቀራርባል። ይህ ለጠና የአእምሮ ሕመም የሐኪምን ቦታ አይተካም፤ ይተካል የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

የማቲሰን ታሪክ ግን እንዲሁ ተወድሶ የሚታለፍ አይደለም። ሲሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ጥሎ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው። አባትየው በኅዳር ለሚውለው የምስጋና በዓል እመለሳለሁ ብሎት ነበር፤ በዓሉ ሲያልፍ እሱ ገና ኔፓል ነው። ተራራው ላይ ሳለ ፖስታ ሲደርሰው ሳይከፍት ሻንጣው ውስጥ ከተተው፤ ክፉ ወሬ ቢኖርበት እዚያ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልምና። ይህን ደራሲው ራሱ ነው የጻፈው፤ አልደበቀም። መጻፉ ግን ጥፋቱን አያቀለውም። የአንድ ሰው መጽናናት በሌላው፣ ያውም በሕፃን ሐዘን ላይ ከተገዛ ዋጋው በዝቷል። ልጁን ይዞ ከቤታቸው አጠገብ ባለ ጫካ ወፍ ፍለጋ ቢሄድ ኖሮ መጽሐፉ አይጻፍም ነበር ይሆናል። አይጻፋ!

ሌላም ሰው አለ። ቱክተን የሚባል ሼርፓ፤ ጓደኞቹ በክፉ የሚያነሡት፣ ማቲሰን ግን ቀስ በቀስ ልቡን የሰጠው ተሸካሚ። በመመለሻው መንገድ ከሁሉም በላይ የቀረበው እሱን ነው። ሊለያዩ ሲሉ ካትማንዱ አጠገብ በቦድናት ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ማቲሰን በቀጠሮው ቀን ሄደ፤ ቱክተን አልነበረም። መጽሐፉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ተራሮች መንገድ መርቶ፣ በቅሎ ጭኖ፣ ጠመንጃ ይዞ እንግዳ አጅቦ የኖረ ሰው ይህን ቢሰማ ብዙም አይገርመው ይሆናል። እንግዳው ልቡ ተነክቶ አልቅሶ፣ አቅፎት ይሄዳል። እሱ በማግስቱ ሌላ እንግዳ ይጠብቃል። የራሱን ሐዘን ተራራው ላይ ማን አብሮት ይወጣል?

ኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለ ፍለጋ የተፈጠረች አገር ናት። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ የገቡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የዳጣት አንዲት የሌሊት ወፍራሪ ወፍ አግኝተው አንድ ክንፏን ይዘው ወጡ። በ1995 ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብላ የተሰየመችው በዚያች ክንፍ ብቻ ነው፤ በላቲን የወጣላት ስምም «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። በ2009 አራት ወፍ ወዳጆች ባትሪ ይዘው በሌሊት ሊፈልጓት መጡ። አየን ብለው ተመለሱ፤ አልያዟትም። ከመካከላቸው ደቡብ አፍሪካዊው ቨርነን ሄድ ስለዚያ ጉዞ መጽሐፍ ጻፈ። አርባ ምንጭ ተወልደው ያደጉ ስንት ጓደኛሞች ናቸው ስለ ክንፏ የሰሙት?

ቀይ ቀበሮም አለ። ከዚህች አገር ደጋዎች በቀር በምድር ላይ የትም የለም፤ የቀሩት አምስት መቶ ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ብቻውን ፍልፈል ያድናል፤ ማታ ተሰብስበው አብረው ያድራሉ፤ ሲነጋ እየተላላሱና እየተሻሹ ሰላም ተባብለው እንደገና ይበታተናሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌዎቹን ክፉኛ ጨርሷቸው ነበር። ያም ሆኖ ተርፈዋል።

«ይህ የባለ ገንዘብ ቅንጦት ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። ፓርኮቻችን የሚነሡት የውጭ ምንዛሪ ሲነሣ ነው፤ ማስታወቂያው፣ ሎጁ፣ መኪናው ለፈረንጅ የተሰላ ነው። ነገር ግን የመንዝ ገበሬ ጓሳን ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ሎጅ አልነበረውም። ከቅንጦቱ ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ነው። ሰሜን ተራሮች የዋልያ ብቸኛ መኖሪያ ናቸው። በዚያ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሁለት ዓመት ከፈጀው የሰሜኑ ጦርነት በቅጡ ሳያገግም፣ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ሌላ ውጊያ መጣበት። ሐዘኑ የበዛበት ቦታና ሰው በእግሩ ወጥቶ የሚጽናናበት ተራራ አንድ ቦታ ሆኑ፤ መንገዱም ያስፈራል። ስለ ሰላም ሲወራ ስለ ታክስና ስለ ኢንቨስትመንት ይወራል። ሁለት ጓደኛሞች ያለ ስጋት ተራራ ወጥተው መመለስ መቻላቸውም ከሰላም ሒሳብ ውስጥ መግባት ነበረበት።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ግን ብዙ አይጠይቅም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሰነቴን አምባ መሀል ለመሀል ያቋርጣል። የሚያልፍበትም የሎጅ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወርደውም ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ መያዝ ነው። በማለዳ በመስኮት በኩል ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ቢያዩ፣ በግራም በቀኝም ቀይ ነገር ከጅባራው ሥር ብቅ ሊል ይችላል። ላይልም ይችላል። ያን ጊዜ በማግስቱ መመለስ ነው።