«ፋይን»ን ያለ ዐረፍተ ነገር ማስተማር ይብቃ

በፈተና ሰሞን ትምህርት ቤቶች በር ላይ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት አንድ ወረቀት አለ። በስተግራ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይቀመጣል፤ በስተቀኝ «ተመሳሳዮቹ» ተብለው አራት አምስት ቃላት ይደረደራሉ። አንድም ዐረፍተ ነገር የለበትም። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ይህን ወረቀት ከመማሪያ መጽሐፋቸው አስበልጠው ሲሸመድዱት አያለሁ፤ ልፋታቸውም ያሳዝነኛል። እንዲህ የሚደክም ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊሰጠው ይገባል።

«ፋይን» የሚለውን ቃል ልውሰድ። የማያውቀው ተማሪ የለም፤ እንግሊዝኛ በጀመረበት ሰሞን «ሃው አር ዩ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጎ ተምሮታል። ወረቀቱ ላይ ከፊቱ ጉድ፣ ናይስ፣ ቲን፣ ፔናሊቲ ተብሎ ተጽፏል። በአማርኛ ጥሩ፣ ደስ የሚል፣ ቀጭን፣ ቅጣት ማለት ነው። እነዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው ምን አገናኛቸው? ወረቀቱ አይናገርም፤ ልጁም አይጠይቅም፤ ይሸመድዳል።

ችግሩ የሚወጣው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ኬሚስትሪም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነውና፣ የላብራቶሪው መመሪያ ናሙናው «ፋይን ፓውደር» እስኪሆን ይፈጭ ይላል። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ መጥታ «ቲቸር፣ ጥሩ ዱቄት ማለት ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። ቃሉን አጥንታዋለች፤ ያጠናችው ግን ብቻውን ነው። «እናትሽ ሽሮ ስታስፈጭ ወፍጮ ቤት ያለውን ልጅ ምን ትለዋለች?» አልኳት። «አልመህ ፍጭልኝ» አለች ወዲያው። በቃ፣ ፋይን ፓውደር የላመ ዱቄት ነው። ደግሞም በእኛው አነጋገር ለሰው መልካሙን ምግብ አቀረበ ለማለት «የላመ የጣመ» እንላለን። መላምና መልካም መሆን በአማርኛም አብረው ይሄዳሉ። ልጅቷ የእንግሊዝኛውን ነገር ያገኘችው ከእናቷ ጓዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደማትረሳው እርግጠኛ ነኝ።

የቃሉ ታሪክ ራሱ ቢነገራቸው ደግሞ ምን ያህል ያግዛቸው ነበር! «ፋይን» በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ የላቲን ልጅ ነው፤ ሥሩ «ፊኒስ»፣ ማለትም መጨረሻ፣ ፍጻሜ ነው። እስከ መጨረሻው የተሠራ ነገር እንከን የለውም፤ ስለዚህ ጥሩና ምርጥ ሆነ። እስከ መጨረሻው የተፈጨና የተሞረደም ደቃቅና ስስ ሆነ። ለዚህ እማኝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የእኛም «ፍጹም» የሚለው ቃል የወጣው «ፈጸመ» ከሚለው ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ሄደው እዚያው ደረሱ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከሽምደዳ ያላገኙትን ደስታ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

ቅጣቱም ከዚያው ሥር ነው። በመካከለኛው ዘመን ክርክርን ወይም ዕዳን የሚቋጭ ክፍያ «ፍጻሜ» ይባል ነበር፤ ኋላ ጥፋተኛው የሚከፍለው ገንዘብ ሆነ። «ፋይናንስ» የሚለው ቃልም ዕዳን ከፍሎ መጨረስ ከሚለው የመጣ ነው። ከጣሊያን የወረስነው «ፊኖ» ዱቄት ዘመዳቸው ነው፤ የቤት ሠሪው «ፊኒሽንግ» እና የዋንጫው «ፋይናል»ም እንዲሁ። ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሳይጀምሩ የዚህን ቤተሰብ ግማሹን ያውቁታል፤ ግን ማን ነገራቸው?

ወደ «ፔናሊቲ» ልመለስ፤ ወረቀቱ ክፉኛ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነውና። ፋይን የገንዘብ ቅጣት ብቻ ነው። ሕጋችን ለዚህ «መቀጮ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ መቀጮና እስራት ሁለቱም ቅጣት ናቸው፣ እስራት ግን መቀጮ አይደለም። በእንግሊዝኛም ፔናሊቲ ሰፊው ነው፣ ፋይን ጠባቡ። ኳስ ሜዳ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ «ፋይን ሰጠ» የሚል እንግሊዛዊ የለም። አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል ማለት አንዱ ሌላውን ይተካል ማለት አይደለም። «ተመሳሳይ» ብሎ መደርደር ይህን ልዩነት ጨርሶ ያጠፋዋል።

ቨርጂኒያ ካፌ ውስጥ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች። ቡና ልጨምርልዎ ስትላቸው ደንበኞቹ «አይ አም ፋይን» ይሏታል፤ አልፈልግም፣ ይበቃኛል ማለታቸው ነው። እሷ መጀመሪያ ሰሞን ትቀዳላቸው ነበር። በጠብ መሀል ደግሞ ያው ቃል ብቻውን ሲወረወር «ይሁን!» ብሎ ፊት እንደ ማዞር ነው። ይህን የትኛው ዝርዝር ይይዘዋል? በአማርኛ «ደህና»ን እንይ፦ ደህና ነኝ፣ ደህና ሰው፣ ደህና እደር፣ በሬው ደህና ዋጋ አወጣ። ደህና ማለት ጤነኛ ነው ብሎ የተማረ የውጭ አገር ሰው «በሬው ጤነኛ ዋጋ አወጣ» ቢለን እናርመዋለን። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ እንዲሠሩ የምናደርጋቸው ይህንኑ ነው።

የተመሳሳይ ቃላትን ዝነኛ መጽሐፍ ያሳተመው ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1852 ነው። ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ መደባቸው፤ በቃላቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን አላብራራም። መጽሐፉ የታሰበው ቋንቋውን አውቆ፣ አፉ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ለጠፋችበት ጸሐፊ ነው። የእኛ ወረቀት ያንኑ አሠራር ገና ለሚማር ልጅ ሰጠው። ለተማሪ የሚሆነውን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፦ ኤ. ኤስ. ሆርንቢ፣ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ። ተማሪዎቹ የጎደላቸው የቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድ ማወቅ መሆኑን አይቶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ታተመ፤ ኋላም ኦክስፎርድ ወስዶ ለዓለም አሠራጨው። ለእኛም ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነዐረፍተ ነገራቸው ወደ አማርኛ የመለሰበትን ትልቅ መዝገበ ቃላት ትቶልናል። ሥራው ከተሠራ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ፤ እኛ ግን ወረቀቱን እናባዛለን።

ቃልን ከዐረፍተ ነገር ነጥሎ «ተመሳሳዩን ምረጡ» የሚል ጥያቄ የምታወጡ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚያባዛው እናንተ የምትጠይቁትን ነው። ርእሰ መምህራንም ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይግዙ፤ በየክፍሉ አንድ ቢሆን እንኳ ልጆቹ ተራ ገብተው ያነቡታል። ወላጆች ለወረቀቱ የምትሰጡትን ገንዘብ ለደብተር አውሉት።

የእኔ ተማሪዎች አሁን ለአንድ ቃል ግማሽ ገጽ ይሰጣሉ። ትርጉም ብቻውን አይጻፍም፤ ቃሉን ካገኙበት ዐረፍተ ነገር ጋር ይገለብጡታል፣ ከሥሩ እናታቸው ወይም ጎረቤት ያንን ነገር በምን ቃል እንደሚሉት ይጽፋሉ። ከ«ፋይን» ቀጥለን «ቻርጅ»ን ይዘናል፤ አንዱ ከፊዚክስ መጽሐፍ፣ አንዱ ከባንክ ደረሰኝ፣ አንዷ ደግሞ ከፍርድ ቤት ዜና አምጥታለች።