በበዓል ጫጫታ የሚሸበር ውሻ ለያዛችሁ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆችና ስለ ቤት አያያዝ ነው። ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ደጃችንን ስለሚጠብቀው፣ ነገር ግን እኛ እምብዛም ስለማናስበው የግቢያችን ውሻ እንነጋገራለን። “ደግሞ ውሻ የትዳር ጉዳይ ሆነ እንዴ?” ትሉ ይሆናል። በበዓል ሰሞን ግን ይሆናል።

ነገሩን በሰኮሩ እንየው። ሰኮሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የጅማ አካባቢ ከተሞች ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው አማኝ በጉርብትና የሚኖሩባት ስለሆነች የአንዱ በዓል ድምፅ በሌላው ግቢ ይሰማል። ዘመን ሲለወጥ፣ መስከረም 16 ማምሻውን ደመራ ሲለኮስ፣ በዒድ ቀን ሰው ወደ ሶላት ሲተምም፣ ገና ሲከበር፣ በጥር ወር ደግሞ ሠርገኛ የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ መንደሩ በድምፅ ይሞላል። ርችት ያገኙ ልጆችም ያፈነዳሉ። ይህ ሁሉ ለሰው ደስታ ነው። በአጥር ጥግ ታስሮ ለቆመው ውሻ ግን ከየት እንደመጣ የማያውቀው፣ መቼ እንደሚያበቃም የማይገባው ሽብር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ውሻው ገመዱን በጥሶ፣ አጥሩን ዘሎ ይጠፋል። ባል፣ “ድሮም ፈሪ ውሻ ነው፤ ይጥፋ!” ይላል። ሚስት፣ “ሳትፈታው ወጥተህ ነው እኮ” ትላለች። ልጆች ያለቅሳሉ። የበዓሉ ምሳ በኩርፊያ ይበላል። ነገሩ በኩርፊያ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ደንግጦ የወጣ ውሻ ከባድ መኪና በሚመላለስበት አስፋልት ላይ ሊገባ፣ ሌሊት ከጅብ ጋር ሊገናኝ፣ ወይም ሊይዘው የሞከረውን የጎረቤት ልጅ ሊነክስ ይችላል። ውሻውን ተከትሎ ወደ መንገድ የሚሮጠው የራሳችን ልጅም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ፍርሃት ጥፋት አይደለም

በመጀመሪያ ልንረዳው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ በጩኸት የሚሸበር ውሻ እልከኛ ወይም የማይረባ ውሻ አይደለም። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያለውን ድምፅ ሲሰማ የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ዝቅ ያለውንም ድምፅ ከእኛ ይልቅ ከሩቅ ይሰማል። ሌባን ለመስማት የምንመካበት ይኸው ጆሮ ነው በርችት ጊዜ መከራ የሚሆንበት።

ፍርሃቱ ከመባባሱ በፊት ምልክቶች አሉት። ሳይሞቀው ያለከልካል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የሚወደውን ምግብ እንኳ ትቶ መደበቂያ ይፈልጋል። በክረምት ነጎድጓድ ሲያስገመግም አልጋ ሥር የሚገባ ውሻ ካላችሁ፣ በመስከረም ርችትም ሳይሸበር እንደማይቀር አስቀድማችሁ ዕወቁ።

በዚህ ሰዓት የሚመታ ወይም የሚገሠጽ ውሻ ምን ይማራል? ጩኸቱ ከመጣ ዱላም እንደሚመጣ ይማራል። በሚቀጥለው በዓል ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። “ካባበልኸው ይብስበታል” የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ በመጽናናት አይባባስም። ወደ እናንተ ከተጠጋ በዝግታ ደባብሱት፣ በለሰለሰ ድምፅ አናግሩት። መደበቅ ከፈለገ ግን ተዉት፤ ከተሸሸገበት ጎትታችሁ አታውጡት።

ቃሉ ስለ እንስሳት

አንዳንድ ምእመናን “ለውሻ ይህን ያህል ማሰብ የፈረንጅ ነገር ነው” ሲሉ ይሰማሉ። ይሁን እንጂ ምሳሌ 12፥10 ለእንስሳው ማሰብን የጻድቅ ሰው ምልክት አድርጎ ይጠቅሰዋል። በዘጸአት 23፥12 የሰንበት ዕረፍት ለበሬውና ለአህያው ጭምር ተሰጥቷል። እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ለዮናስ ሲናገርም በከተማይቱ ያሉትን እንስሳት አልረሳም። ውሻ ከልጅ ጋር እኩል ነው አንልም። ነገር ግን በአደራ የተሰጠን ፍጥረት ነው። እኛ ስንተኛ እርሱ ይነቃል፤ በሚፈራበት ቀን እኛ ልንነቃለት ይገባል።

ከበዓሉ በፊት

ዋናው ሥራ የሚሠራው ጩኸቱ ሳይጀምር ነው። ከበዓሉ ጥቂት ሳምንታት አስቀድማችሁ በስልካችሁ የርችት ወይም የነጎድጓድ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አሰሙት፤ ወዲያው ጥቂት ሥጋ ስጡት። ካልተጨነቀ በየቀኑ ድምፁን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። መጨነቅ ከጀመረ መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ፤ አትቸኩሉ። ቡችላ ላላችሁ ደግሞ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ወርቃማ ነው። በዚህ ዕድሜ ልዩ ልዩ ድምፅንና ሰውን ቀስ ብሎ የለመደ ቡችላ ሲያድግ በቀላሉ አይደነግጥም።

መሸሸጊያም አዘጋጁለት። ጓዳ፣ ዕቃ ቤት ወይም የማድ ቤት ጥግ ሊሆን ይችላል። ከመንገድ የራቀውን ምረጡ። ወለሉ ላይ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ የእናንተ ጠረን ያለበት ያረጀ ልብስ ብትጨምሩበት ይረጋጋል። ቅጣት እንዳይመስለው ከበዓሉ ቀደም ባሉት ቀናት እዚያው እያበላችሁ አስለምዱት። አጥሩንና በሩንም ያን ጊዜ ፈትሹ።

በዕለቱ

ጠዋት፣ መንደሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በደንብ አንሸራሽሩት። የደከመ ውሻ ይተኛል። ማታ የሚበላውን ቀደም አድርጋችሁ ስጡት፤ ውሃም አቅርቡለት። ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ መሸሸጊያው አስገቡት። መስኮቱን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ሬዲዮ ወይም ዝማሬ በለስላሳው ክፈቱለት፤ ያልተጠበቀውን ፍንዳታ ይሸፍንለታል። ከሁሉ በላይ በሰንሰለት አስራችሁ ትታችሁት አትሂዱ። የተሸበረ ውሻ ሲዘል ሰንሰለቱ አጥር ላይ ተጠምዝዞ ሊያንቀው ይችላል። በር ዘግቶ መፍታት ይሻላል። ወደ ደመራው ቦታ ወይም ወደ ሠርግ ቤት ይዛችሁት መሄድም አይገባም። ልጆችም ወደተሸሸገበት ገብተው እንዳያስቸግሩት ንገሯቸው።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በበዓል ቀን የተረፈውን ዶሮ ወጥ ለውሻ መስጠት ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን ወጡ የሚቁላላበት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በቡና አገር ለምትኖሩ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለን፤ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ቡናው ፍሬም ሆነ አተላ እርሱ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ቸኮሌትም እንዲሁ ነው። ደስ ልታሰኙት ከፈለጋችሁ ከሥጋው ላይ ቅመም ሳይነካው ጥቂት ቀቅላችሁ ስጡት።

“ይተኛ” ብላችሁም የሰው የእንቅልፍ ክኒን አትስጡት። ፍርሃቱ እጅግ የበረታ ውሻ ካላችሁ ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። በአካባቢው ያለው ጅማ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ስለሆነ ባለሙያ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም።

ስለ ጎረቤት

በሰኮሩና በጅማ ብዙዎቻችን የሙስሊም ጎረቤት አለን። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ቢነካ ከሶላት በፊት መታጠብ የሚኖርባቸው ብዙዎች ናቸው። በዓል ሊጠይቁን ሲመጡ፣ ወይም በዒድ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በደጃችን ሲያልፉ ውሻችን ዘሎ ቢጠጋቸው እናሳዝናቸዋለን። በሩን መዝጋት ለውሻውም ሰላም፣ ለጎረቤትም ክብር ነው።

ንክሻ ከደረሰ ግን አትሸፋፍኑ። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ የተነከሰውን ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን በሽታ ለመከላከል የሚታሰበው ቀን ሴፕቴምበር 28 ሲሆን፣ ይህም የክትባቱ ባለቤት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ ማለትም የመስቀል ማግስት ይውላል። የደመራው ርችት ክትባቱን ያስታውሳችሁ። በዓል በሌለበት ጊዜ ውሻችሁ ድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ ወይም ያገኘውን ሁሉ ሊነክስ ቢል ግን ፍርሃት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሳትነኩት ባለሙያ ጥሩ።

ደግሞ ወገኖቼ፣ ጩኸት ሁሉ ከሌሎች በዓል የሚመጣ አይደለም። የእኛም ኮንፈረንስ፣ የሌሊት ጸሎትና ሠርግ ሞንታርቦ አለው። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ አዳራሹ ብናዞረው እግዚአብሔር ምስጋናችንን ከመስማት አይጎድልም። በጎረቤት ያለው ሕፃን፣ አራስ፣ በሽተኛና ውሻ ግን ያርፋል።

በመጨረሻም፣ ውድ ባለትዳሮች፣ በዚህ በዓል ከመካሰስ ይልቅ ሥራውን ቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አንዳችሁ አጥሩንና ክትባቱን፣ አንዳችሁ መሸሸጊያውንና ምግቡን ያዙ፤ ማታ ማን ቤት እንደሚቀር ተስማሙ። ልጆቻችሁ ይመለከቷችኋል። የፈራውን ከመምታት ይልቅ አጠገቡ መቀመጥን በውሻው ላይ ያዩት ልጆች፣ ነገ በፈራ ወንድማቸው፣ ከነገ ወዲያም በፈራ የትዳር ጓደኛቸው ላይ ያደርጉታል። የፈራ ሰውም እንኳ በጩኸት አይረጋጋምና።

መልካም በዓል። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።