«ደሙ የት ሄደ?»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሲያንስባት፣ ሲዛባባት ወይም ጭራሽ ሲቀርባት መጀመሪያ የምትጠይቀው ማንን ነው? «ሐኪሟን» ካላችሁ እናንተ የምትኖሩት ሌላ አገር ነው። የምትጠይቀው የቡና ጓደኛዋን ነው። መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፦ «ውይ በሞትኩት! ደሙ እኮ ውስጥሽ እየተጠራቀመ ነው። ማህፀንሽን ሳያደርቀው ቶሎ ተዪው!» እሷም ደንግጣ ትተዋለች። ከዚያ በኋላ ያላሰበችው እርግዝና ቢመጣ የቡና ጓደኛ አታሳድግላትም።

እኔ ግን ጠቤ ከቡና ጓደኛዋ ጋር አይደለም። እሷ ቢያንስ መልስ ሰጥታለች። ጠቤ ኪኒኑን በመስኮት አቀብሎ «በቀን አንድ» ካለ በኋላ «ቀጣይ!» ከሚለው ባለሙያ ጋር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የደበቀው መድኃኒቱን የሰጠው ነው።

ለመሆኑ ያ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢሰጣት ምን ይነግራት ነበር? በብዛት የሚወሰደው ኪኒን 28 ፍሬ ነው። 21ዱ ሆርሞን አላቸው፤ ሰባቱ የላቸውም፤ ብዙ ጊዜ ቡናማ ቀለም ያላቸው የብረት ኪኒኖች ናቸው። ሆርሞኑ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያግዳል፣ የማህፀንንም የውስጥ ሽፋን ያሳሳል። በሰባቱ ቀናት የሚታየው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ እንጂ የተለመደው የወር አበባ አይደለም። ሽፋኑ ስስ ከሆነ የሚፈሰውም ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ምንም የለም። ደሙ የትም አልሄደም፣ አልተጠራቀመምም። መጀመሪያውኑ የሚፈስ ነገር አልተሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከጊዜው ውጪ ጠብ ጠብ ቢልም የተለመደ ነው። ኪኒን ዘላ ደም ከቀረባት ግን ወሬ ትታ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።

«መካን ያደርጋል» ለሚለውስ? በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች የተሠሩ 22 ጥናቶችን አሰባስበው፣ መከላከያ ያቆሙ 14,884 ሴቶችን መረጃ መርምረው ነበር። ኪኒንን ጨምሮ የተለያዩ መከላከያዎችን ካቆሙት ከ100 ሴቶች 83 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ አርግዘዋል።

ወሬው ግን ከሰማይ አልወረደም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ካገቡ 100 ሴቶች 23ቱ መርፌ ይወስዱ ነበር፤ ኪኒን የሚወስዱት ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። መርፌው ደግሞ ካቆሙት በኋላ እርግዝናን ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊያዘገይ ይችላል። መዘግየት መካንነት አይደለም። ይህን አስቀድሞ የነገራት ስለሌለ ስድስት ወር የጠበቀች ሴት «መከኑኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ የመርፌው ታሪክ ዞሮ የኪኒኑ ይሆናል።

ይህ ወሬ የሚመቸው ሰውም አለ። በቤት ውስጥ ልጅ ሲጠፋ ተከሳሿ የታወቀች ናት። አማት «ያ ኪኒኗ ነው» ይላሉ፤ ባል አንገቱን ይነቀንቃል። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ ወንዱም ዘንድ እንዳለ ማን ይንገረው? ስንቱ ባል ነው ዘሩን ሳያስመረምር ሚስቱን በኪኒን የከሰሰው? ኪኒን ጥሩ ተከሳሽ ነው፤ ተነስቶ አይከራከርም። በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ የማህፀን ቱቦን እንደሚደፍን፣ ከ35 ዓመት በኋላ የመፀነስ ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ ማንም አያነሳም።

ባለሙያዎች ሁለት መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። አንደኛው «ወረፋው ረጅም ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ረጅም ነው። ዛሬ ሁለት ደቂቃ የተነፈጋት ሴት ግን ነገ ባልፈለገችው እርግዝና ስትመለስ ስንት ሰዓት ልትወስድባችሁ ነው? ሁለተኛው «ዝርዝሩን ብንነግራት ትፈራለች» የሚል ነው። ሴትዮዋ ሕፃን አይደለችም። የሚያስፈራው ሳይነገራት የደረሰባት ነገር ነው። ኪኒን ለሁሉም እንደማይሆን፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ሴት ሌላ ዘዴ እንደሚያስፈልጋት መንገርም ሥራችሁ ነው። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት ወይም ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለባትም እንዲሁ። እውነተኛውን አደጋ ያልነገራችኋት ሴት የፈጠራውን ብታምን ምን ይደንቃል?

እህቶቼ፣ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። «ቀጣይ!» ቢባልም ጠይቁ። ኪኒኑ በትንሽ ብር፣ አንዳንድ ቦታም በነጻ ይገኛል። በዚህች አገር የተወደደው ማብራሪያው ነው።