የምሥጢር ቍጥሩ የማን ነው?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባላገር ስለ ገንዘብ አያውቅም የሚል ሰው ቢኖር አንስማማም። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በ1937 ዓ.ም. ሕጋዊ ገንዘብ ከመሆኑ በፊት፣ ፊደል ያልቈጠሩ አያቶች የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር እያገላበጡ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበር። ያልጣማቸውንም «ይኸ አይሆንም» ብለው ይመልሱት ነበር። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው እንደሚቀንስም አስተማሪ አላስፈለጋቸውም።

ዛሬ ግን የሚቈጠር ፈርጥ የለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ምልክቱም ፊደልና አኃዝ ሆኗል። በንፋስ መውጫ ድንች፣ በወገዳ ጤፍ፣ በመካነ ኢየሱስ በግ ሸጦ ለተማሪ ልጁ ብር የሚልክ አባት፣ ማንበብ ካልቻለ ስልኩን ለባለሱቁ ያቀብላል። የምሥጢር ቍጥሩንም ሰው በተሰበሰበበት ጮኾ ይነግረዋል። የብሩን ቋጠሮ ለባለቤቱ እንኳ የማያሳይ ሰው ነው! ባለሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ታማኝ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ዳሩ ግን ቍጥሩን የሰማው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የጠፋ ዕለትም ታማኙ ሰው አብሮ ይጠረጠራል።

ሌላም አለ። በከብት ገበያ ገዢው «ልኬልሃለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያል፤ ወይም ከማይታወቅ ቍጥር «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ጥቂት ቈይቶም «በስሕተት ነውና መልስልኝ» የሚል ሰው ይደውላል። መልእክት ገንዘብ አይደለም። ሻጩ በሬውን ከመልቀቁ በፊት በገዛ ስልኩ *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳቡን ይይ። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይሻም፤ ኔትወርክ ብቻ ይበቃዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቈየቱን ለሚያስታውስ አንባቢ ጥቅሙን ማስረዳት አያስፈልገንም።

ስለዚህ የክረምት ዕረፍት ሳይደርስ ማኅበራችን ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ አባዝቶ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ተማሪ ሁሉ እንዲያድል እናሳስባለን። ይሁን እንጂ ወረቀት ለማያነብ ሰው ወረቀት ማንበብ ትምህርት አይሆነውም። አባትንም እናትንም ከሱቁ ደጃፍ ሳይሆን ከምድጃው ዳር አስቀምጠን፣ የልደት ዓመትም ተከታታይ አኃዝም ያልሆነ ቍጥር ራሳቸው እንዲመርጡ እናድርግ፤ ለእኛም ለልጆቻቸው ባይነግሩን ደስ ይበለን። በተራው ባለ ቍልፍ ስልክ 5 ቍጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ እብጠት አለች፤ ከእርሷ በላይ 2፣ በታች 8፣ በግራ 4፣ በቀኝ 6 ነው። በዚች ምልክት ጣታቸውን እናለማምድ።

ገጹን በማዘጋጀት ለመርዳት የሚፈልጉ ተማሪዎችና መምህራን ስማቸውን ለጋዜጣው አዘጋጆች ቢያስታውቁ በደስታ እንቀበላለን።