«በሞቴ» ይቅርብን

«ሆዳም» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። ቋንቋችን ለዚህ ስድብ ስንቅ አላጣም፤ ሆዳም ሰው እንብርት የለውም እንላለን፣ ለጥቅሙ ያደረውን ሆድ አደር እንለዋለን። (በሆዱ የሚመሰገነው ሆደ ሰፊ ብቻ ነው፤ እሱም በሌላ ምክንያት።) ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገብቶ የድስት ክዳን ሲያነሳ የተያዘ እንደሆነማ ፍርዱ ወዲያው ይሰጠዋል፤ ቆራጥነት የለውም፣ ለነፍሱ አያውቅም፣ ሆዱ ገዝቶታል። ይህ ጸሐፊ ፍርዱን ይቃወማል። ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስሕተትም ስለሆነ ነው። ያን ሰው ከሆዱ ይልቅ ያሸነፈው ቤቱ ነው። ቤቱን ደግሞ እንዲያ አድርገን ያደራጀነው እኛ ነን፤ እናቱ፣ ባለቤቱ፣ እህቱ፣ ጎረቤቱ፣ በአንድ ቃል «በሞቴ» ባዮቹ።

ነገሩን ከጨንቻ ብጀምረው ይቀላል፤ «በሞቴ» ለምን እንደተፈጠረ፣ በዘመኑም ለምን ትክክል እንደነበረ ከዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያልና። ከአርባ ምንጭ የሚነሳ መንገደኛ ጨንቻ ለመድረስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተነስቶ 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ታች ሐይቁ ዳር ሙቀት ነው፤ ላይ ጉምና ብርድ። ይህን ዳገት ሸክም ተሸክሞ በእግሩ ለወጣ ሰው ቆጮ በዳጣ ማቅረብ፣ ጎመን መጨመር፣ ቅቤ ካለም አለመሰሰት፣ «በቃኝ» ሲል ደግሞ ይሉኝታ ይዞት መሆኑን አውቆ ሦስት ጊዜ መለመን ደግነት ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ነበር። እንሰቱ ከጓሮ ነው፤ ቅቤና ሥጋው ግን የዓመት ጉዳይ ነው፤ ዛሬ የተገኘው ነገ ላይገኝ ይችላል።

በጋሞ ደጋ ክብር ራሱ በማብላት ይገኝ ነበር። ሃላቃ የሚሆነው ሰው ቅቤ በራሱ ላይ ተቀብቶ ለአገሬው ይደግሳል፤ ዴና ፍሪማን የተባለች የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው የጋሞ ደጋ ጥናቷ ስለዚህ ሹመት በሰፊው ጽፋለች። ትልቅ ሰው ማለት ያከማቸ ሳይሆን ያበላ ነው። እንዲህ ያለውን ባህል የሚንቅ ራሱ ይናቅ! የእኔ ጠብ ከባህሉ ጋር አይደለም። ጠቤ ዳገቱን ትተን ልመናውን ብቻ ካስቀጠልነው ከእኛ ጋር ነው።

አንድ የጨንቻ ሸማኔ እናስብ፤ ስም የለውም፣ ብዙ ሰው ግን ያውቀዋል። ከዶርዜና ከአካባቢው የወጡ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሰፈሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ይህም ሰው በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ጎለመሰ። አገሩ ሳለ ውኃውም፣ ገበያውም፣ እርሻውም ሽቅብና ቁልቁል ነበር። አሁን ከጧት እስከ ማታ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያ ያመላልሳል። ሆዱ ገፋ፤ «አማረብህ» ተባለ። ውኃ ጥሙና ሽንቱ ሲበዛበት ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ስኳር ነው፣ ክብደት ቀንስ ተባለ። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም የተመከረው ሰውየው ብቻ ነው፤ ቤቱን የመከረው የለም።

እንደ ብዙዎቻችን ቆርጦ ተነሳ። ቁርስ ተወ፣ ምሳውን በሻይ አለፈ። ማታ ቤቱ ሲገባ ትሪው ቀርቧል፤ አምስት ሰው በከበበው ትሪ ላይ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ ባለቀ ቁጥርም ይጨመራል። ሦስት አራት ጊዜ ቆርሶ እጁን ሰበሰበ። «ምነው፣ ወጡ አልጣመህም?» አለች ባለቤቱ። «ልጄ እኮ ከሳብኝ፣ ምን አስነኩት?» አሉ እናቱ። ታላቅ እህቱ ጠቀለለች፤ «በሞቴ!» ዋጠ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው መጣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቅንጣት ክፋት የለም፤ ፍቅር ነው፤ ሰውየውን መከላከያ ያሳጣውም ይኸው ነው። ጠላት ቢሆን በታገለው። ሌሊት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተራበው ሰውነት ዕዳውን ይጠይቃል፤ ድስቱም ከአልጋው አሥር እርምጃ አይርቅም። በማግሥቱ ያችው እህት ለጎረቤት የምትሰጠው ምስክርነት «እሱ እኮ ሆዱን አይችልም» የሚል ነው።

እስካሁን በወንድ አወራሁ እንጂ የባሰውስ የወጥ ቤቷን ሴት ያገኛታል። እየቀመሰች ታበስላለች፣ እያጎረሰች ታበላለች፣ በመጨረሻም ልጆቹ የተዉትን ትራፊ ጠራርጋ ትበላለች፤ እህል መጣል ነውር ነዋ። ከዚያ «ወፈርሽ» የሚላት ባሏ ነው፣ ያውም ያን ትራፊ ያስተረፈው! ሙያዋ የሚለካው በተረፈው ወጥ ብዛት ነው፤ ልክክ አድርጋ የሠራች ሴት ቆጥቋጣ ትባላለች። ይህችን ሴት «ምግብ ፊት ስትደርሺ ራስሽን ግዢ» ብሎ መምከር አሣ አጥማጅን ውኃ አትንካ እንደማለት ነው።

ቆራጥነት ብቻ ይበቃል የሚሉትን ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን መርጦ ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ምግብ በግማሽ ገደማ ቀንሶ አቆያቸው። ወጣቶቹ በዚያ የዓለም ጦርነት መካከል «ሕሊናችን አይፈቅድም» ብለው መሣሪያ አናነሳም ያሉ ቆራጦች ነበሩ። ታዲያ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሲሄድ ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነቡ ነበሩ። ከሙከራው በኋላ እንደልብ ብሉ ሲባሉም ብዙ በልተው ያልጠገቡ ታይተዋል። ጦርነትን እምቢ ያለ ፈቃድ በረሃብ ፊት እንዲህ ከሆነ፣ ቁርስና ምሳ ዘሎ ትሪ ፊት የተቀመጠው ሸማኔያችን ምን ይሁን ነው የምንለው?

የለም፣ ኢትዮጵያዊ ተፈጥሮው ነው፣ ሆዱን መግዛት አይችልም የሚል ካለ ዐቢይ ጾምን ይመልከት። ይኸው የምሽቱ ድስት የሚያሸንፈው ሰው፣ ጿሚ ከሆነ፣ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም። በምን ኃይል? ቤቱ አብሮት ስለሚጾም ነዋ! ቅቤው ከዓይኑ ይሰወራል፣ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ እናቱም «በሞቴ ሥጋ ብላ» አይሉትም፤ ቢበላ እንዲያውም የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ጾም ያከሳል አላልኩም። ጾም ለውፍረት አልተሠራም፤ በዘይት የራሰ የጾም ፓስታም የሚያደርገውን ያደርጋል። የምለው ሌላ ነው፤ መላው ቤት «አይሆንም» ካለ አንድ ሰው «አይሆንም» ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልገውም። ሐኪም ላዘዘው ሰው ይህን ያህል እንኳ መተባበር ለምን አቃተን?

አንደኛው ምክንያት «ከሳህ» የሚለው ቃል ነው። በ1990ዎቹ የኤችአይቪ ወሬ አገሩን ባናወጠበት ጊዜ ከሲታ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ፣ «ያዘው መሰለኝ» ተብሎ ይታማ ነበር። ያ ፍርሃት ዛሬም ከእናቶቻችን አንጀት አልወጣም። ልጃቸው ሦስት ኪሎ ሲቀንስ የሚታያቸው ጤና ሳይሆን ሬሳ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ግን ይነገራቸው።

«አገር ተርቦ ስለ ውፍረት ታወራለህ?» የሚል ድምፅም ይሰማኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ፤ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ። በ2000 የኋለኞቹ 3 በመቶ ነበሩ። ረሃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገባ ማለት ነው። ደግሞስ ወገን፣ «በሞቴ» የምንለው ለተራበው ነው እንዴ? ለተራበውማ በር ዘግተን እናልፋለን። ሦስት ጊዜ የምንለምነው ጠግቦ የተቀመጠውን ነው።

የጨንቻን ፖም እንደ መድኃኒት የሚያዩም አሉ። ፖሙ ግሩም ነው። ከክትፎ በኋላ ተደርቦ ሲበላ ግን ማንንም ሲያከሳ አላየሁም።

ቤቱ ምን ያድርግ? ብዙ አይደለም። ሰውየው ከማዕዱ አይነሳ፤ ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል እንላለንና እንደ በሽተኛ ጥግ ይዞ ይብላ አልልም። አብሮ ይቀመጥ፣ ድርሻው ግን በራሱ ሰሐን ይቅረብለት፤ ያኔ የት እንደጀመረና የት እንደጨረሰ ያውቃል። ቁርሱንና ምሳውን አትንፈጉት፤ ቀን የራበው ሰው ማታ አይታመንም። ድስቱ ላንድ ምሽት የሚበቃ ይሁን፤ የተረፈውም ሳይመሽ ለሚበላ ሰው ይሰጥ። ለልጆቹ ጥቂት ጥቂት ይቅረብ፤ ካነሳቸው ይጨመር፤ የእናታቸው ሆድ የትራፊ ማጠራቀሚያ አይደለም። «በቃኝ» ያለ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ሲናገር ይታመን። ይህ ከሁሉ ይከብደናል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ስለ ምግብ መሆኑ ይቀርና የሰውን ቃል ስለ ማክበር ይሆናል።

መስከረም ሲጠባ ሸማኔያችን ለመስቀል ወደ ጨንቻ ይወጣል። የጋሞ ሰው የትም ይኑር፣ መስቀልን ከአገሩ ርቆ ማሳለፍ ይከብደዋል። የተጠራቀመ ቅቤ፣ በጋራ የታረደ በሬ፣ ዓመት ሙሉ ያላየው ዘመድ ይጠብቀዋል። በበዓል አይቅመስ የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ጣጣው በአንዱ ቤት መቅመሱ ሳይሆን በአሥሩም ቤት ሦስት ሦስት ጊዜ መለመኑ ነው። ሐኪም የነገረውን ለዘመዶቹ ይንገራቸው፤ እነሱም ይስሙት፤ የሚያቀርቡለትን አንድ ጊዜ ያቅርቡለትና ይተዉት። እንዲያው እጃችን አልታዘዝ ካለን፣ የግድ አንድ ነገር ካላደረግንለት ካሉ ደግሞ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ባጃጅ አይጥሩለት፤ አብረው በእግር ይሸኙት። ዳገቱ እንደሆነ አሁንም እዚያው ነው።