የጃፓንኛ ክፍል የሚሸጠው ምንድን ነው?

በጃፓን የቡና ገበያ የኢትዮጵያና የየመን ቡና የሚታወቅበት የቆየ ስም ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ «ሞ» እና «ካ»። ሐረርም ሆነ ሲዳሞ ከዚያ ስም ኋላ ይከተላሉ። እነዚህን ሁለት ፊደላት ጃፓንኛ የጀመረ የ14 ዓመት ልጅ በሁለተኛው ወር ያነባቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ወደ ዮኮሃማ የጫነ አባት ግን ገዢው በላከለት የናሙና ማሸጊያ ላይ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

ነጋዴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ስንት ያወጣል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚሰጥ የጀማሪ ጃፓንኛ ትምህርት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ፣ ጥራትና የመረከቢያ ጊዜ አለው። ችግሩ፣ ይህ ሸቀጥ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሌላ ዕቃ ስም፣ ማለትም በቪዛ ስም መሆኑ ነው። ወላጅ የትኛውን እንደሚገዛ ሳይለይ ቀብድ መክፈል የለበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃው

ጃፓንኛ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጻፋል። ሂራጋና ለሰዋስውና ለአገር በቀል ቃል፣ ካታካና ለባዕድ ቃልና ስም፣ ከቻይና የመጣው ካንጂ ደግሞ ለአብዛኛው ስምና ግስ ያገለግላል። ሂራጋናና ካታካና እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው፤ አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ይነበባል። «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» በአምስት ምልክት ይጻፋሉ። በላቲን ፊደል ያደገ ልጅ መጀመሪያ ይህንን አሠራር መልመድ አለበት። ሀ ሁን በገበታ ቆጥሮ 231 ፊደል የጨረሰ ልጅ ግን 46ቱ ሲቀርቡለት አይደነግጥም። ልዩነቱ፣ በጃፓንኛ «ካ» እና «ኪ» በመልክ አይዛመዱም፤ እግር እየቀጠሉ መሄድ የለም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል።

ከፊደሉ ይልቅ የሚያግዘው የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው። አማርኛም ጃፓንኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» በጃፓንኛ «ኪኖ ካታ ሆን» ነው፤ ኪኖ ትናንት፣ ካታ የገዛሁት፣ ሆን መጽሐፍ። ቅደም ተከተሉ አልተነካም። በአማርኛ «ን» ተሳቢውን እንደምታመለክት ሁሉ ጃፓንኛም ከስሙ ኋላ «ኦ» የምትል ምልክት ያስከትላል። ለታላቅ ሲነገር ግሱ መለወጡም ቢሆን «አባባ መጡ፣ ማሙሽ መጣ» እየተባለ ላደገ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ በሚያስተምርበት ተቋም ጃፓንኛ 2200 የክፍል ሰዓት ከሚፈጁት እጅግ አስቸጋሪ ቋንቋዎች ተርታ ተመድቧል፤ አማርኛ የዚያን ግማሽ ያህል ይፈጃል። ይህ ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሒሳብ ነው። የአዲስ አበባን ልጅ በዚያ ሚዛን አስቀምጦ «አይቻልም» ማለት ስሕተት ነው።

እንቅፋቱም አለ። አናባቢ ማርዘም ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብዳል። «ቢሩ» ሲያጥር ሕንጻ ነው፤ «ቢ» ስትረዝም ቢራ ይሆናል። ሕንጻ ልከራይ ብሎ ስለ ቢራ ሲያወራ የሚውል ሰው ያስቃል፤ ውል ላይ ግን አያስቅም። በአንጻሩ ማጥበቅና ማላላት ለአማርኛ ተናጋሪ የእናት ቋንቋው ጠባይ ነው። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ቃል እንደሚሆን ሁሉ፣ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ነው። እንዲያውም ጃፓንኛ ለማጥበቂያ የሚሆን ምልክት በጽሕፈቱ ውስጥ አለው፤ የአማርኛ ጽሕፈት ግን ይህን ለአንባቢው ይተወዋል።

ዋናው ሸክም ካንጂ ነው። የጃፓን መንግሥት ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የዘረዘራቸው ካንጂዎች ከ2010 ጀምሮ 2136 ናቸው። የጃፓን ልጆች ራሳቸው 1026ቱን በስድስት የአንደኛ ደረጃ ዓመታት ተከፋፍለው ነው የሚማሩት። በ14 ዓመቱ የጀመረና በ24 ዓመቱ የጀመረ እኩል የማይሆኑት እዚህ ላይ ነው። ሱቅና ቤተሰብ የያዘ ሰው ማታ አሥር ምልክት ሊጽፍ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ተማሪው ግን ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ አራት ዓመት ከፊቱ አለው።

ልጁ ጃፓንኛ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ በአኒሜና በማንጋ የተነሳ ነው። አባት ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሊስቅ አይገባም፤ ካርቱኑን ያለ ትርጉም ጽሑፍ ለማየት የሚጓጓ ልጅ ካንጂው ሲበዛበት ክፍሉን ቶሎ አይጥልም። ከየትኛውም የሥራ ተስፋ ይልቅ የሚያስተማምን ዋስትና ይኸው ነው።

ሒሳቡ

ጃፓን ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት ለመግባት የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በተለምዶ 150 ሰዓት ያህል መማሩን ወይም ዝቅተኛውን የቋንቋ ፈተና ማለፉን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ቁጥሩ ለወላጅ ጥሩ መለኪያ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት የሚማር ልጅ በሳምንት 4 ሰዓት ያገኛል። 150 ለ4 ሲካፈል 38 ሳምንት ገደማ ይመጣል፤ አንድ የትምህርት ዓመት ማለት ነው። «ጃፓንኛ በሦስት ወር» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው በዚሁ አካሄድ የሚያስረክበው 50 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ የዕቃው አንድ ሦስተኛ። በ50 ሰዓት ሁለቱን ፊደላት ማንበብ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ዋጋና ሰዓት መናገር ይቻላል። መጥፎ አይደለም፤ በሦስተኛው ዋጋ ከተሸጠ።

ዋጋውስ ከምን የመጣ ነው? ከመጽሐፍ ሊሆን አይችልም። ጃፓን ፋውንዴሽን የተባለው የመንግሥት የባህል ተቋም አንዲት የውጭ አገር ልጅ ጃፓን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር የሚያሳይ «ኤሪን» የተባለ የቪዲዮ ትምህርት በነፃ አቅርቧል፤ በዕድሜም ለእነዚሁ ልጆች የተመጠነ ነው። «ኢሮዶሪ» የተባለው የኑሮና የሥራ ጃፓንኛ መጽሐፉም ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። በነፃ የሚገኘውን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ፣ ጠርዞ «የመጽሐፍ ክፍያ» የሚጠይቅ ክፍል ከመነሻው ሊጠረጠር ይገባል።

ወላጅ የሚገዛው የመምህሩን ጆሮ ነው። አጭሩንና ረጅሙን «ቢሩ» ለይቶ የሚሰማ፣ የልጁን ደብተር አይቶ ይህ መስመር ተንጋዷል የሚል ሰው ነው የሚፈለገው። በሁለት ሰዓት ውስጥ 120 ደቂቃ አለ። አርባ ልጅ ከታጎረበት ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ይደርሰዋል፤ አሥራ ሁለት ልጅ ከሆነ አሥር ደቂቃ። ሻጩ ስለ ግድግዳው ሥዕልና ስለ ኮምፒዩተሩ ሲያወራ ገዢው የወንበሩን ብዛት ይቁጠር።

ክፍሉ በራሱ ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ከዚያ ክፍል በር ውጭ ዋጋ የለውም። ከ1984 ጀምሮ የሚሰጠው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ከ2010 ወዲህ አምስት ደረጃ አለው፤ ኤን 5 ዝቅተኛው፣ ኤን 1 ከፍተኛው ነው። እርሱም ቢሆን የንግግር ፈተና የለውም። ኤን 5 አልፎ ጃፓናዊ ፊት አፉ የሚታሰር ልጅ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

የውሸት መለያው

ጃፓን በኤፕሪል 2019 በተወሰኑ የሥራ መስኮች ክህሎት ላላቸው የውጭ አገር ሠራተኞች አዲስ ቪዛ ከፈተች። በ2024 ለአምስት ዓመታት እስከ 820 ሺህ ሰው ለመቀበል ጣሪያ አስቀምጣ ነበር። ደላላ ይህችን ቁጥር ይወዳታል። ከቁጥሯ ጋር አብረው ያሉትን ግን አይናገርም፦ አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ቋንቋው ከኤን 5 ከፍ ብሎ ኤን 4 ወይም አቻው ነው፤ በዚያ ላይ የሥራ መስኩን የክህሎት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለ14 ዓመት ልጅ የጀማሪ ክፍልን በቪዛ ስም መሸጥ እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወሬ ምን ያህል እንደሚርቅ በ2025 ታይቷል። በነሐሴ ወር በዮኮሃማ በተደረገው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ላይ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት አራት የጃፓን ከተሞችን ከናይጄሪያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከጋናና ከሞዛምቢክ ጋር «የትውልድ ከተማ» ብሎ አጣመረ። ከናይጄሪያ መንግሥት በኩል ልዩ ቪዛ ይሰጣል የሚል መግለጫ ወጣ። ጃፓን አስተባበለች፤ የከተሞቹ ማዘጋጃ ቤቶች በተቃውሞ ስልክ ተጥለቀለቁ፤ መርሐ ግብሩም በወሩ ተሰረዘ። መግለጫው ወጥቶ እስኪስተባበል ባሉት ቀናት ውስጥ የቋንቋ ክፍል ምዝገባ ከፍቶ ገንዘብ መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው ጊዜው በቂ ነበር።

ቬትናም ሁለቱንም ገበያ ባንድ አገር ታሳያለች። በ2003 ጃፓንኛ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ፤ በ2016 ደግሞ በጥቂት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በዚህ በኩል ልጁ ቋንቋውን ዓመታት ወስዶ ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን ይማረዋል። በሌላ በኩል ሠራተኛ ላኪ ድርጅቶች ወጣቱን ለጥቂት ወራት አጉረው ቋንቋ እያስጠኑ፣ ከፍተኛ ክፍያ እያስከፈሉ ወደ ጃፓን «ሠልጣኝ» አድርገው ልከዋል። በ2020 ቬትናማውያን በጃፓን ካሉት የውጭ አገር ሠራተኞች በቁጥር አንደኛ ሆኑ። የጃፓን ኢሚግሬሽን በ2022 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ ከየአገሩ ከመጡት ሠልጣኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከመነሳታቸው በፊት ተበድረው ነበር። ጃፓን ከ1993 ጀምሮ የነበረውን ይህን የሠልጣኞች መርሐ ግብር በሌላ የምትተካበትን ሕግ በ2024 አጽድቃለች። ዕዳው ግን የተበዳሪው ነው።

ማን ይጠቀማል?

በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተብሎ ጃፓን ቁጥጥሩን ስታጠብቅ ወደዚያ የሚሄደው ቡና አሽቆልቁሎ እንደነበር ላኪዎች ያስታውሳሉ። የይርጋጨፌና የሲዳሞ ስም በጃፓን በንግድ ምልክትነት ከተመዘገበ በኋላም የጃፓን ቡና ማኅበር ተቃውሞ፣ ምዝገባው ተሰርዞ፣ በ2010 የአገሪቱ የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለኢትዮጵያ በከፊል ፈርዷል። ቋንቋ ማወቅ ቅሪቱን ከጆንያ አያራግፍም፤ ፍርድም አያስለውጥም። ይሁን እንጂ የምርመራው መመሪያም የፍርዱ መዝገብም የተጻፉት በጃፓንኛ ነው። ላኪው የሚያነባቸው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ ነው፤ በመካከል ያለ እጅ ሁሉ ደግሞ ኮሚሽን አለው።

ሶማሌ ተራም ይኸው ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2024 ቢከለከልም ቀድሞ የገባው ቶዮታ በየመንገዱ አለ፤ መለዋወጫም ይፈልጋል። በካርቶኑና በክፍሉ ላይ የተለጠፈውን ካታካና የሚያነብ ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ ቢቆም ቢያንስ የፍሬንና የማርሽ ዘይት ጣሳ አይምታታም።

«ቻይንኛ አይሻልም ወይ?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ንግዱ ከጓንግዡ ጋር ለሆነ ቤተሰብ ያለ ጥርጥር ይሻላል፤ ጃፓንኛ ለፋሽን ተብሎ አይገዛም። ሆኖም ቻይንኛ የሚችለው ሰው በየፋብሪካውና በየመንገድ ሥራው በዝቷል፤ ጃፓንኛ የሚችለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ካንጂ የተማረ ልጅ ነገ ወደ ቻይንኛ ቢዞር ድምፁ ቢለይም ብዙውን ምልክት ያውቀዋል።

ስለዚህ ክፍሉን መግዛት ያለበት ደላላው የጠራው ድሃ ወላጅ ሳይሆን ከጃፓን ጋር የሚሠራው ነጋዴ ራሱ ነው። ስድስት ቡና ላኪዎችና ስድስት አስመጪዎች አንዳንድ ልጅ ቢያወጡ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ አንድ መምህር ቀጥሮ፣ ቅዳሜንና የክረምቱን ሁለት ወር ይዞ፣ 150 ሰዓቱን ማስጨረስ ይቻላል። ክፍያው በዓመት መሆን የለበትም፤ በየአሥር ሳምንቱ ይሁን። በአሥረኛው ሳምንት አባት ያቺን የናሙና ማሸጊያ ከመሳቢያው አውጥቶ ለልጁ ይስጠው። «ሞካ» ብሎ ካነበበ ቀጣዩን አሥር ሳምንት ይክፈል። አገላብጦ ዝም ካለ ግን ማሸጊያዋን ይዞ መምህሩ ዘንድ ይሂድ።